አልነሳ ያለው የግራ መብራት

ያቺን መኪና ከልቤ ነበር የምጠላት። ጣሊያን አገር ለለሰለሰ አስፋልትና ለበጋ ፀሐይ ታስባ ተሠርታ ኮልፌ ጭቃ ላይ የወደቀች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ነገሯ ይበላሻል። የፊት መብራቶቿ ደግሞ እንደ ሰው መኪና ከፊት ተተክለው አይታዩም፤ ኮፈኑ ላይ ክዳን ለብሰው ይተኛሉ። ማብሪያዋ ስትነካ በየመብራቱ ሥር ያለች ትንሽ ሞተር ትዞርና ብድግ ይላሉ፤ ሲጠፉ ተመልሰው ይተኛሉ። የሰፈሩ ልጆች እንቁራሪቷ ይሏት ነበር። ልጆች ስም ማውጣት ያውቁበታል።

እኔ አየር ጤና፣ ዙሪያው ቆርቆሮ በሆነ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ አንድ የአስመራ ሰው ነው። ከምላሱ መዳፉ ይፈጥን ስለነበር ሙያውንም ቁጣውንም አብሬ ለመድኩ። የተበላሸ ነገር ያናድደኛል፤ የተበላሸበት ምክንያት ሳይገባኝ ሲቀር ደግሞ ምግብ አይበላልኝም። ይሄ ጠባይ ለሙያው ጥሩ ነው፤ ለሚስትና ለጎረቤት ግን አይመከርም።

የመኪናዋ ባለቤት አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ለአንድ ጣሊያናዊ ሥራ ተቋራጭ ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ፈጅተዋል። ደርግ መጥቶ ንብረት ሲወረስ ሰውየው ጓዙን ጠቀለለና «ማንም ከሚወስዳት አንተ ውሰዳት» ብሎ ይቺን መኪና ትቶላቸው ሄደ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ለሆነ ሰው! ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባት ነበር። ጋሼ ግን ማለዳ ማለዳ በእርጥብ ጨርቅ ሳይወለውሏት ቁርስ አይቀምሱም።

መኪናዋ ካንጀት የተወደደችው በወንዱ ልጃቸው ነበር። የግራው መብራት መለገም የጀመረውም በእሱ ጊዜ ነው። ማብሪያው ሲነካ ቀኙ ብድግ ይላል፣ ግራው ይተኛል። ልጁ ለዚህ ብልሽት አላዘነም። በሩ ላይ አቁሟት ከመሪው ኋላ ይቀመጥና ከቦኖ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ልጃገረዶች ሲያልፉ ቀኙን መብራት ብድግ ያደርገዋል። ጋሼ ሲቆጡት «አባዬ፣ የምትጠቅሰው እሷ ናት፤ እኔ ምን አደረግኩ?» ይላል። እንኳን ልጃገረዶቹ እኔም ሥራ ትቼ እስቅ ነበር። ቀልደኛ፣ ቀጭን፣ ከንፈሩ ጥርሱን የማይሰበስብለት ልጅ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ቀበሌው ወሰደውና ወደ ሰሜን ተላከ።

ከሄደ በኋላ መኪናዋን የነካት አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ከዚያው ከሰሜን የመጣ አንድ ወታደር በር አንኳኩቶ «ለትንሣኤ ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ይመጣል ብላችሁ ጠብቁት» አላቸው። ወታደሩ አልዋሸም፤ እሱ ሲለየው ልጁ በሕይወት ነበር። ጋሼ በማግስቱ መኪናዋን በገመድ አስጎትተው ጋራዤ አመጧት።

«ከሰሜን የሚመጣው አውቶብስ አምሽቶ ነው የሚገባው» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ ወደ እኛ ሰፈር ታክሲ የለም፤ ሰዓት እላፊም አለ። እኔ ነኝ አውቶብስ ተራ ሄጄ የማመጣው። ኩፖኑን አጠራቅሜያለሁ። ባንድ መብራት ግን ትራፊክ አያሳልፈኝም።»

«በታክሲ ሄደው እዚያው አካባቢ አብራችሁ ብታድሩስ?» አልኳቸው። ያቺን መኪና ላለመንካት የማልፈነቅለው ድንጋይ አልነበረም።

«ልጄን ከጦር ሜዳ መጥቶ ቤርጎ ላሳድረው?» አሉኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ።

በሽታዋን ጠየቅኳቸው። ቀኙ ሁልጊዜ ይነሳል። ግራው አንዳንዴ ግማሽ ድረስ መጥቶ ይቀራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ፍሬቻ ሲበራ ደግሞ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ይቺ የመጨረሻዋ ምልክት በሽታውን ወዲያው ልትነግረኝ ይገባ ነበር፤ ግን እኔ የለመድኩትን መንገድ ካልሄድኩ አይሆንልኝም። መጀመሪያ ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው። ጋሼን ማብሪያውን እንዲነኩልኝ አድርጌ ጆሮዬን ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሯ የሚለቀው ሪሌ ላይ ደቀንኩ፤ ቀጭ ይላል፣ ደህና ነው። በመፈተሻ አምፖሌ ሽቦውን እየተከተልኩ እስከ ሞተሯ ድረስ ሄድኩ፤ ኤሌክትሪኩ ይደርሳል። ሞተሯ ትሆናለች ብዬ ነቅዬ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ሳገናኛት እንደ ጉድ ትዞራለች። ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ መብራቱ ግን አይነሳም። እንዲህ ያለ ነገር ነው እኔን የሚያሳብደኝ።

ጋሼ ዕቃ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ስሳደብ ዝም ብለው ሰሙኝና ሲበቃቸው «ቅዳሴ ደርሶብኛል» ብለው ተነሱ። በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቶሎ እንደማይመለሱ አውቄ ብቻዬን ቀጠልኩ።

ያገኘሁት እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ መመለሻ ይፈልጋል። መኪና ላይ መመለሻው የራሷ የመኪናዋ ብረት ነው፤ እኛ ማሳ እንለዋለን። የግራዋ ሞተር የማሳ ሽቦ ጫፉ ላይ ምላስ የመሰለች ብረት አለችው፤ ያቺ ምላስ ከመኪናዋ አካል ጋር በተያያዘች ጠባብ አፍ ውስጥ ትሰካለች። መጋጠሚያዋ ከጎማው በላይ ስለሆነች የስንት ክረምት ጭቃ ጠጥታ ዝጋለች። በብርጭቆ ወረቀት እስክታበራ ፈተግኳትና መልሼ ሰካኋት። ማብሪያውን ስነካው ሁለቱም መብራቶች እኩል ብድግ አሉ። እውነቱን ልናገርና ያን ጊዜ ለአንድ አፍታ ያቺን መኪና ወደድኳት።

የእድራችን ዳኛ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ረጅም፣ ጥቁር ካፖርት ከትከሻቸው የማይወርድ፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። መብራቶቹን አይተው «ተሠራች እንዴ?» አሉኝ።

«እዩዋቸው እንጂ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። ክንዴን ይዘው ወደ ቆርቆሮው ጥግ ወሰዱኝ። የሰፈራችን ልጅ የሆነ አንድ ወታደር ቆስሎ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል። ከጋሼ ልጅ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት ብሎ ምሎ ነግሯቸዋል። ሽማግሌዎቹ የሰሙት ትናንት ነው።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲሁ አይነገርም። ሰው የልጁን ሞት ቆሞ፣ ብቻውን፣ በባዶ ሆዱ መሃል መንገድ ላይ አይሰማም። የሚይዘው ሰው ይሰበሰባል፤ ዘመድ ከያለበት ይጠራል፤ ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ሽማግሌ በር ያንኳኳል። የጋሼ ሴት ልጅ ጎጃም ገጠር ውስጥ አስተማሪ ናት። እናትየው ደም ግፊት አለባቸው፤ ያለ ልጅቷ መርዶውን አይችሉትም። «እናትሽ ታማለች» ብሎ የሚያመጣት ሰው በጠዋቱ አውቶብስ ሄዷል፤ ከዋናው መንገድ ወርዶ በእግር የሚኬድ አገር ስለሆነ ግን መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም።

«አሁን ችግሩ አባትየው ነው» አሉኝ ዳኛው። «የፈቃዱን ቀን ልጠይቅ ብሎ ወደ ጦር መሥሪያ ቤት ሊሄድ ነው። መኪናዋ እስክትሠራ ነው የቆየው። እዚያ በር ላይ የቆመ ጎረምሳ ገብቶ ጠይቆ ይመጣና ‹ሞቷል› ይለዋል። እንዲህ እንደ ዋዛ!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«አታውጣለት። ፍታ፣ ግጠም፣ አልተገኘም በል። መኪናዋ እዚህ እስካለች ከሥሯ አይነቃነቅም።»

ቱግ አልኩ። የተሠራን ነገር አልተሠራም በል የሚለኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አልዋሽም፣ መዋሸትም አልችልበትም፣ ፊቴ ያስታውቃል አልኳቸው። ዳኛው ጩኸቴን ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝና «ዋሽ አላልኩህም። ዝም በል። ዝም አይነቅዝም» ብለው ወጡ።

ብዙ ቆሜ መብራቶቹን አየኋቸው። ከዚያ ከኪሴ ክብሪት አወጣሁና ከክብሪቱ ቤት ካርቶን ቀጭን ቁራጭ ቀደድኩ። የማሳውን ምላስ ነቅዬ ካርቶኗን ከላይና ከታች አልብሼ መልሼ ሰካኋት። ላየው ሰው እንደተገጠመች ናት፤ ብረት ከብረት ግን አይነካካም። ማብሪያውን ነካሁ። ቀኙ ተነሳ፤ ግራው ተኛ። መኪናዋ አጠገብ ቆሜ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ ያ ሳቂታ ልጅ ሞቷል፣ እኔ የሠራሁትን መብራት መልሼ አበላሻለሁ።

ጋሼ ከቅዳሴ ጠበል ጠጥተው፣ ጾማቸውን ሳይፈቱ መጡ። ሞከሩት። አልተነሳም። የሚናደዱ መስሎኝ አንገቴን ስደፋ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ አንተ ታገኛታለህ» አሉኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

በየቀኑ ይመጡ ጀመር። እኔም ያልተበላሸውን ሁሉ አፈረስኩ። ሪሌዎቹን አቀያየርኩ። ሞተሯን ነቅዬ ውስጧን በቤንዚን አጥቤ ግራሶ ቀባኋት። ማብሪያውን ከፈትኩ። ጋሼ መፈተሻ አምፖሉን ይዘው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ እኔ ወደምሄድበት ሽቦ ሁሉ አብረውኝ ይሄዳሉ። ከሥራው መሃል ስለ ልጃቸው ያወራሉ። አውቶብሱ ሲገባ ሁለቱንም መብራት እኩል ብድግ አደርግለታለሁ፤ ከሩቅ አይቶ ይስቃል ይላሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኔ በጾሙ ብቅል እንኳ አልቀመስኩም፣ ሊያመልጠኝ ግን በየደቂቃው ከንፈሬ ላይ ይደርስ ነበር። ስለዚህ አብዝቼ እቆጣለሁ፤ ብሎኑን፣ ጣሊያንን፣ ዝናቡን እሰድባለሁ። እሳቸው ይስቃሉ።

አንድ ጠዋት፣ ከጎጃም ወሬ ካለ ልጠይቅ ዳኛው ቤት ጎራ ብዬ አረፈድኩ። ጋራዡ ስደርስ ቆርቆሮው በር ተከፍቷል፤ ቁልፍ የት እንደማስቀምጥ ጋሼ ያውቃሉ። ገባሁ። የመኪናዋ ሁለቱም መብራቶች ብድግ ብለው ፊት ለፊት ያለውን ቆርቆሮ ያበራሉ። ጋሼ ከመሪው ኋላ ተቀምጠዋል።

መዳፋቸውን በመስኮቱ ዘረጉልኝ። የክብሪቱ ካርቶን ቁራጭ ነበረች።

«ሳይህ ሰነበትኩ» አሉኝ። «ሁሉን ነካህ። ይቺን መጋጠሚያ ብቻ ዞረህ ታልፋታለህ። ዛሬ ሳትመጣ ነቅዬ አየኋት።»

ካርቶኗን ሳልቀበላቸው እጄን በቱታዬ ጠረግኩ።

«ሌባ ብትሆን ነገሩ ይገባኝ ነበር፤ ሌባ ሥራ ያስረዝማል። አንተ ግን ገንዘብ ሳወጣ እጄን ትመልሳለህ። ጠላቴም አይደለህም። ታዲያ አንድ ሽማግሌ ወደ ልጁ እንዳይሄድ መንገድ የምትዘጋበት ምን ምክንያት አለህ ብዬ እዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩ።» ድምፃቸው እዚህ ድረስ ደህና ነበር። «የለም እንዴ? ልጄ የለም?»

ፊቴ እንደሚያስታውቅ ስለማውቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። መዞሬ ነው የነገራቸው።

አልጮኹም። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ግንባራቸውን ደገፉበት። ያ ሁሉ ሽማግሌ የመከረበት፣ ሰው ጎጃም ድረስ የተላከበት ነገር መጨረሻው ይኸው ሆነ፤ ሰውየው ልጃቸውን ብቻቸውን፣ በቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአንድ የክብሪት ካርቶን ተረዱት። ጠጋ ብዬ ጀርባቸውን ያዝኩ። ከዚያ በላይ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

ቀና ሲሉ መጀመሪያ የጠየቁኝ «እናቱስ ታውቃለች?» ብለው ነው።

«አያውቁም። ልጅቷ እስክትመጣ ነው።»

«ጥሩ። በወጉ ትስማ። ሰው ይያዛት። እኔ ማወቄን ለማንም እንዳትናገር፣ ለዳኛውም።» ማብሪያውን ነኩት፤ መብራቶቹ እኩል ተኙ። ከዚያ ካርቶኗን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጧት። «መልሰህ አስገባት።»

«ለምን ጋሼ?»

«ከተሠራች ምን ብዬ ከቤት እወጣለሁ? ቀኑን ሙሉ ፊቷን እያየሁ መዋል አልችልም።»

መልሼ አስገባኋት።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ወደ ጋራዡ የሚመጡት ለማልቀስ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ እኔ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው እንዳያያቸው ኮፈኑን ከፍቼ አቆመዋለሁ። ጩኸታቸው እንዳይሰማ ደግሞ አንድ አሮጌ ላሜራ አንስቼ በመዶሻ እቀጠቅጣለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላሜራ ምን ሊያደርግለት! ጎረቤት ያለው ጎሚስታ አንድ ቀን ብቅ ብሎ «ድስት መሥራት ጀመርክ እንዴ?» ብሎ አፌዘብኝ። በመዶሻው ልለው ምንም አልቀረኝም።

ሲወጣላቸው ፊታቸውን ታጥበው ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ። ቤት ውስጥ ያለውን የሚነግሩኝ ያን ጊዜ ነው። እትዬ፣ ባለቤታቸው ማለቴ ነው፣ የልጁን አንሶላ አጥበው አስጥተዋል። ለፋሲካ እንቁላል ያጠራቅማሉ። ሹራብ ጀምረውለታል፤ ከስቶ እንደሆነ ይሰፋዋል ወይ ብለው እጅጌውን ጋሼ ክንድ ላይ ይለኩታል። ያ ሁሉ ግን ይቻል ነበር።

«ዛሬ ሳቀች» አሉኝ አንድ ቀን። «ትንሽ ሆኖ ዶሮ ሊይዝ ሲሮጥ የወደቀውን አስታውሳ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።» ከዚያ ተነስተው ወደ መኪናዋ ተመለሱ።

አንዴ አላስችል ብሎኝ «ለዳኛው ልንገራቸውና ልጅቷ ሳትደርስም ቢሆን መርዶው ይነገር» አልኳቸው። በቁጣ እምቢ አሉኝ። እናቷን የምትይዝ እሷ ናት፣ እኔ የቻልኩትን ልቻል አሉ። የያዙት ነገር ደግነት መሆኑን ሁለታችንም አልተጠራጠርንም።

ልጅቷ አንድ ምሽት ደረሰች፤ ጎረቤት ቤት አሳደሯት። ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ፣ ዳኛው፣ የሰፈሩ ሴቶችና እኔ በሩ ላይ ቆምን። እትዬ በር ሲከፈት ያን ሁሉ ሰው፣ ከመሃሉም ሴት ልጃቸውን ሲያዩ ማንም ቃል ሳይናገር ገባቸው። የሚያስፈልግም ቃል አልነበረም። ሴቶቹ ያዟቸው። ያን ጩኸት ለመግለጽ አልሞክርም፤ የሰማው ያውቀዋል፣ ያልሰማው አይስማው።

ወንዶቹ ጋሼን ሊይዙ ተጠጉ። ጋሼ እንደ ወጉ ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ። እንባ ግን አልወጣቸውም። እንባቸው ጋራዡ ውስጥ አልቋል። ሰው አላስተዋለም፤ ሐዘን አደረቀው ነው ያለው። እትዬ ግን አርባ ዓመት ገደማ አብረዋቸው የኖሩ ሰው ናቸው።

ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ፣ ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ረገብ ባለበት ጊዜ እትዬ በድንገት ዝም አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሴት ልጃቸውን ተደግፈው ጋሼን ብዙ አዩዋቸው።

«አንተ ታውቅ ነበር» አሉ።

ጋሼ ቀና አላሉም።

«አንሶላውን ሳጥብ ታውቅ ነበር? ሹራቡን ስለካብህ ታውቅ ነበር?» ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ድንኳኑ ግን ጸጥ አለ። «ስስቅ ታውቅ ነበር? ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ስስቅ ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር?»

«ከሰው ጋር እንድትሰሚው ብዬ ነው» አሉ ጋሼ በቀጭን ድምፅ።

እትዬ ከዚያ በኋላ አላናገሯቸውም። ሰልስቱ አለፈ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ትንሣኤም መጥቶ ሄደ፤ አላናገሯቸውም። አጥሩን አልፎ የሚሰማኝ የሁለት ሰው ቤት ድምፅ የዕቃ ድምፅ ብቻ ነበር። ሴት ልጃቸው ከመመለሷ በፊት ለሚስቴ እንደነገረቻት እትዬ በእነዚያ ቀኖች የሳቁትን ሳቅ፣ የበሉትን እህል፣ የተኙትን እንቅልፍ አንድ በአንድ እያስታወሱ ራሳቸውን ይረግሙ ነበር። ዳኛው ሽማግሌ ይዘው ሊያስታርቁ ገብተው እትዬ ቡና እንኳ ሳያቀርቡላቸው መለሷቸው። እኔም በንዴት ታመምኩ። በዳኛው እናደዳለሁ፣ ከዚያ በጋሼ፣ ከዚያ በእትዬ፤ መጨረሻ ላይ የምናደድበት ሰው አጣሁ። ሁሉም ለሌላው ሲል ያደረገው ነበር፤ ጥፋቱን የምፈልግበት ቦታ አልነበረም።

መኪናዋ ጋራዤ ውስጥ እንደቆመች ነበር። ለመውሰድ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ነገሩን ላንሳ አላልኩም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ከነጥቁር ልብሳቸው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። አየር ጤና ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። ጋሼ ራቅ ብለው ከኋላቸው ቆመዋል፤ ተጠርተው ይሁን ሳይጠሩ ተከትለው መምጣታቸውን አላወቅኩም።

«ልጄ» አሉኝ እትዬ፣ «የት ነበር የሚያለቅሰው?»

ማን ነገራቸው ብዬ አልጠየቅኩም። በእጄ መኪናዋን አሳየኋቸው። ዞረው ሲያዩዋት ቆዩ። «ተቀምጦ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ማን ነበር አብሮት?»

«ማንም። እኔ ከመኪናዋ ውጭ ነበርኩ።»

ከሾፌሩ ወንበር ጎን፣ በቀኝ በኩል ያለውን በር ሊከፍቱ ሲታገሉ ሄጄ ከፈትኩላቸው። መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ለመግባት ተቸገሩ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እንደምንም ተቀመጡ። ባዶውን የሾፌር ወንበር በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ከመርዶው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ለጋሼ አሰሙ።

«ና፣ ግባ» አሉ። «ብቻህን ያለቀስከውን ሁሉ አሁን ከኔ ጋር እንደገና አልቅሰው። አንዱንም እንዳታስቀርብኝ።»

ጋሼ መጡ። ሲያልፉኝ አላዩኝም። ጎንበስ ብለው ገብተው ከመሪው ኋላ ተቀመጡና እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ። እትዬ ያዙላቸው። በሩን ዘጋሁላቸውና ወጣሁ።